ኤድዋርድ ሚሼሊን፡ የጎማ ጥገናን ወደ መንገድ ዳር ያወጣው ሠዓሊ

ሚሼሊን የሚለው ስም ዛሬ የሚያስታውሰን ሰውን ሳይሆን ጎማን ነው። ስሙ በጎማ ጎን ላይ ተጽፎ በየአገሩ ይሽከረከራል። ባለስሙ ኤድዋርድ ሚሼሊን ግን ወጣትነቱን ያሳለፈው በፋብሪካ ውስጥ አልነበረም። ሕግ ተምሮ፣ ሕጉን ትቶ፣ ፓሪስ ውስጥ ብሩሽና ቀለም ይዞ ሥዕል ሲሥል የነበረ ሰው ነው። ወደ ጎማው ሥራ የገባው የቤተሰቡ ድርጅት ሊዘጋ በመቃረቡ ነው። ከገባ በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲከተለው ኖሯል፤ ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ባለመኪናው ምን ያድርግ?

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። እንዲያውም በአገራችን እንደ አዲስ ተነስቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ገብተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የብዙዎቹ የኋላ ኮፈን ሲከፈት መጠባበቂያ ጎማ፣ ማለትም ሾፌሮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው ስኮርታ የሚሉት፣ አይገኝም። በምትኩ የተቀመጠው አንድ ጠርሙስ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ የኤሌክትሪክ መንፊያ ነው። ከቦሌ መገናኛ ለሚመላለስ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። ከደሴ ተነስቶ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ፣ ወይም በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም ለሚጓዝ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለምን ሌላ እንደሆነ የሚሼሊን ሕይወት በሚገባ ያስረዳል።

ኤድዋርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1859 በፓሪስ ነው። በስድስት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ አንድሬ መሐንዲስ ሲሆን፣ እሱ ግን በታዋቂው የፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል አጥንቷል። በእናታቸው በኩል አያታቸው የነበሩት አሪስቲድ ባርቢዬ ከዘመዳቸው ጋር ሆነው በማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ በክሌርሞን ፌራን ከተማ የእርሻ መሣሪያዎችና የላስቲክ ዕቃዎች የሚያመርት ድርጅት አቋቁመው ነበር። አያትየው ካለፉ በኋላ ድርጅቱ እየተዳከመ ሄዶ ከኪሳራ አፋፍ ደረሰ። አንድሬ ፓሪስ ውስጥ የራሱ ሥራ ስለነበረው ታናሹን አግባባው። ኤድዋርድም ሥዕሉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1889 የፋብሪካው ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ሚሼሊን ተብሎ ተሰየመ።

ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤልፋስት ውስጥ የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም በአየር ለሚነፋ የብስክሌት ጎማ የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። የደንሎፕ ጎማ ከድፍኑ ላስቲክ ይልቅ ለስለስ ያለና ፈጣን ነበር። ችግሩ ከቸርኬው ጋር በማስቲሽ ተጣብቆ የሚቀር መሆኑ ነው። አንድ ቀን ጎማው የተነፈሰበት ብስክሌተኛ በጋሪ ተጭኖ ወደ ሚሼሊን ፋብሪካ መጣ። ሠራተኞቹ ጎማውን ከቸርኬው አላቅቀው፣ ቀዳዳውን ለጥፈው፣ መልሰው ለማጣበቅ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ማስቲሹ እስኪደርቅ ደግሞ ማደር ነበረበት። ኤድዋርድ በማግስቱ ብስክሌቱን ራሱ ሊሞክረው ወጣ፤ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሳይሄድ ጎማው እንደገና ተነፈሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን በአየር የሚነፋ ጎማ የማይረባ ነገር ነው ብሎ ይተወው ነበር። ኤድዋርድ ግን ከዚያች አጭር ጉዞ ሁለት ነገር ተረዳ። አንደኛ፣ ወደፊት መንገዱን የሚቆጣጠረው በአየር ላይ መንሳፈፍ ነው። ሁለተኛ፣ ጎማው መበሳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ማንም ሰው፣ የትም ቦታ ሆኖ፣ በአጭር ጊዜ ሊጠግነው የሚችል መሆን አለበት። ጎማ ጨርሶ እንዳይበሳ ለማድረግ አልተነሳም። የፈለገው መበሳቱ የሚያስከትለውን ጣጣ ማሳጠር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1891 ከቸርኬው የሚፈታና ካላማዳሪው ለብቻው የሚወጣ የብስክሌት ጎማ ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሻርል ቴሮን የተባለ ብስክሌተኛ በዚህ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋልቦ አሸነፈ። ጎማው መንገድ ላይ ተበስቶበት ነበር፤ ግን እዚያው ተጠግኖለት ጉዞውን ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣውን ተወዳዳሪ በብዙ ሰዓት ቀደመ። በሚቀጥለው ዓመት ወንድማማቾቹ ከፓሪስ እስከ ክሌርሞን ፌራን የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ። በዚህ ውድድር ላይ የፈጸሙት ነገር እስከ ዛሬ ያስገርማል፤ መንገዱ ላይ በድብቅ ሚስማር አስበተኑ። የጎማቸው መበሳት ሳያሳፍራቸው፣ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚጠገን ለሕዝብ ለማሳየት ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ የመኪና ተራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተካሄደው ውድድር በአየር በተነፋ ጎማ መኪና ለመንዳት የሚደፍር ሰው ስላልተገኘ ወንድማማቾቹ ራሳቸው መሪ ጨበጡ። የመኪናዋ ስም መብረቅ ማለት ነበር። እንደ ስሟ ግን አልፈጠነችም። ጎማዋ በተደጋጋሚ እየተበሳ 22 ካላማዳሪ እንደለወጡ ይነገራል። የደረሱትም የተፈቀደው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ መኪና በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይህን ያህል መንገድ ሊሄድ እንደሚችል አረጋገጡ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ሌሎቹም ድፍኑን ላስቲክ እየተዉ ተከተሏቸው።

የሠዓሊው ዓይን ግን አልጠፋም ነበር። ኤድዋርድ በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ የተደረደሩ ጎማዎችን አይቶ እጅ ቢጨመርላቸው ሰው እንደሚመስሉ ተናገረ። የድርጅቱ ምልክት የሆነው ወፍራሙ የጎማ ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1898 የተወለደው ከዚህ ነው። በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ሚስማርና የተሰባበረ ጠርሙስ የሞላበት ብርጭቆ አንስቶ ሲጠጣ ይታያል። ጎማችን እንቅፋትን ይውጣል ለማለት ነው። ድርጅቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ለአሽከርካሪዎች በነፃ ያደለው ቀይ መጽሐፍ ግን የተበሳ ጎማ እንዴት እንደሚጠገንና ጥገና የት እንደሚገኝ ገጽ በገጽ ያስተምር ነበር። ዛሬ በምግብ ቤት ኮከቦቹ የሚታወቀው የሚሼሊን መጽሐፍ አጀማመሩ ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጥገና ታሪክ ነው። የመለወጥ ታሪክ የሚጀምረው በዌልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በላኔሊ ከተማ ስቴፕኒ በሚባል ጎዳና ላይ ይሠሩ የነበሩ የዴቪስ ቤተሰብ ወንድማማቾች፣ ተነፍቶ የተዘጋጀ ጎማ ያለበት ትርፍ ቸርኬ ለገበያ አቀረቡ። አሽከርካሪው በተበሳው ጎማ ጎን አስሮት ጉዞውን ይቀጥላል። በሕንድ እስከ ዛሬ መጠባበቂያ ጎማ ስቴፕኒ ይባላል።

ኤድዋርድ የራሱ ፈጠራ የሆነው ጥገና በመለወጥ ሲቀደም ተቀምጦ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1906 በለ ማን ከተማ አካባቢ በተካሄደው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ድርጅቱ ጎማው ከነቸርኬው ተፈትቶ የሚለወጥበትን ዘዴ ይዞ ቀረበ። በውድድሩ ሕግ መኪናውን መንካት የሚችሉት አሽከርካሪውና አብሮት የተሳፈረው መካኒክ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ጎማ አውልቀው ሌላ ለማስገባት ሩብ ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ አዲሱን ዘዴ የያዙት ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሰው ይሄዳሉ። በሬኖ መኪና የተወዳደረው ሃንጋሪያዊው ፈረንጽ ሲስ ሁለተኛውን በግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ሲያሸንፍ ይህ ዘዴ ረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1913 ደግሞ ሚሼሊን በብሎን የሚፈታ የብረት ቸርኬ አወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ጎማ ተሸክሞ መጓዝ የባለመኪና ሁሉ ልማድ እየሆነ መጣ።

ወደ እኛ አገር የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ቤንትሌይ እየተነዳች ከጅቡቲ አዲስ አበባ ደርሳ አጼ ምኒልክ ዘንድ የቀረበችው በእነዚሁ ዓመታት መካከል ነው። መኪናን በብዛት የለመድነው ግን ጣሊያን በወረራው ዘመን መንገድ ሲዘረጋ ነው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ስኮርታ የሚሉት ቃላት ሁሉ ጣሊያንኛ መሆናቸው ይህንኑ ይመሰክራል።

ኤድዋርድ ራሱን ከአደባባይ የሚሸሽግ፣ ከፋብሪካው የማይርቅ ሰው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካውን ወደ አውሮፕላን ሥራ አዙሮ የመጀመሪያዎቹን 100 ለአገሩ በነፃ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1934 የከሰረው የሲትሮየን ኩባንያ በሚሼሊን እጅ ገባ። የግል ሕይወቱ ግን በሐዘን ተመላ። ወንድሙ አንድሬ በ1931 ሞተ። በ1932 ልጁ ኤቲየን በአውሮፕላን አደጋ፣ በ1937 ደግሞ ሲትሮየንን ይመራ የነበረው ሌላው ልጁ ፒየር በመኪና አደጋ አለፉ። ኤድዋርድም አገሩ ለጀርመን ጦር እጅ በሰጠች በሁለት ወሩ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1940 በ81 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ መኪና አምራቾች ከስኮርታ ወደ መድፈኛ ጠርሙስ ሲመለሱ ምክንያት አላቸው። ስኮርታ ከክሪኩ ጋር ቀላል የማይባል ክብደት ይጨምራል፤ የባትሪ ወይም የዕቃ ቦታም ይይዛል። ጠርሙሱ ቀላል ነው፤ ብሎን መፍታትም አይጠይቅም። ነገር ግን አቅሙ ውስን ነው። ሚስማር የሚያህል ነገር የጎማውን መሬት የሚነካ ክፍል ሲበሳው ይደፍናል። ጎኑ በስለታም ድንጋይ ከተቀደደ ወይም ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከተጣመመ ምንም አይፈይድም። ፈሳሹ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑም ያልፍበታል። ከደፈነ በኋላም ፍጥነት ቀንሶ በቅርብ ወዳለ ጎሚስታ መሄድ ግድ ይላል።

ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎሚስታ በየሰፈሩ ስላለ ጠርሙሱ ይበቃል። ኩታበር ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ከእሷ አልፎ አስፋልቱን እየለቀቁ ወደ ገጠሩ ሲገቡ ግን የሚጠብቀው ሚስማር ሳይሆን የደጋው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ የሚጎዳው ጠርሙሱ የማይደፍነውን ጎኑን ነው። በዚያ መንገድ በሽተኛ የጫነ ወይም ልጆች የያዘ ሰው ጠርሙስ ብቻ ይዞ ሲመሽበት የሚከፍለው ዋጋ ከስኮርታው ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ሰው መኪናው ስኮርታ ባይኖረውም የብሎን ቀዳዳው የሚገጥም ቸርኬ፣ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ ጎማ፣ ክሪክና የብሎን መፍቻ አሟልቶ ቢይዝ ይሻላል። ስኮርታ ያለውም ከጉዞ በፊት ነፋሱን ያስለካ፤ ሳይነካ የኖረ ጎማ ተንፍሶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ጠርሙሱንም መጣል አያስፈልግም። ሚሼሊን ራሱ መጀመሪያ ጥገናን፣ ኋላም መለወጥን ያቀለለ ሰው ነበር፤ አንዱን ስላገኘ ሌላውን አልናቀም። ዘዴውን የሚመዝነውም ጎማው በተነፈሰበት ቦታ፣ እጅ ላይ ባለው መሣሪያ፣ ያለማንም እርዳታ ጉዞውን ያስቀጥል እንደሆነ በማየት ነበር። ከደሴ ወደ ኩታበር ከመነሳት በፊት ኮፈኑን ከፍቶ በዚሁ መመዘኛ ማየት ይበጃል።