ዊልበር ራይትና የብስክሌት ሚዛን

በአውሮፕላን ፈጣሪነቱ የታወቀው ዊልበር ራይት አስቀድሞ የብስክሌት ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 በኢንዲያና ተወልዶ፣ በ1892 ከታናሽ ወንድሙ ከኦርቪል ጋር በዴይተን ከተማ የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ብዙ ብስክሌተኞችን ጠየቀ፤ አሟልቶ የመለሰለት ግን አልነበረም። ነጂው ሳይታወቀው መሪውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዞራል። ጎማዎቹ ከሥሩ ወደ ቀኝ ስለሚያፈነግጡ ብስክሌቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ መሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ ክብደቱ ሊጥለው ሲል ከመሐል የሚያርቀው ኃይል ይደግፈዋል።

በዘመኑ የነበሩ አያሌ ተመራማሪዎች በራሱ ጸንቶ የሚበር መሣሪያ ለመሥራት ይደክሙ ነበር። ዊልበር ግን ሚዛን የነጂው ሥራ መሆኑን ከብስክሌት ተረድቶ ነበርና፣ በ1899 ክንፍን በመጠምዘዝ ወደ ጎን ማዘንበል እንደሚቻል በገመድ በሚያዝ ካይት ፈተነ። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በኪቲ ሆክ አቅራቢያ ከተደረጉት አራት በረራዎች ረጅሙን፣ 59 ሰከንድ የፈጀውንና 260 ሜትር ያህል የሸፈነውን፣ እርሱ በረረ።

በ1912 በታይፎይድ ሕመም በ45 ዓመቱ አረፈ። ለሙያችን የተወልን ትምህርት ግልጽ ነው፤ መሣሪያ ሲነደፍ የሚነዳው ሰው እጅም ከስሌቱ ውስጥ ይገባል።