አቡነ ማስያስ፦ በፊልም የታዩትና በእውነት የኖሩት አባት

በፊልም ላይ ሞት ብዙ መልክ አለው። አንዳንዱ ፊልም ተመልካቹን ስለ ራሱ ፍጻሜ እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ሌላው ግን የአንዱን ሞት ያጎላና የሌላውን ይሸፍናል። የብፁዕ ካርዲናል ጉልየልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አቡነ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት አባት ታሪክ፣ ካረፉ ከ50 ዓመት በኋላ ወደ ፊልም ተለውጧል። በመሆኑም ሕይወታቸውን ከፊልሙ ለይተን ማወቅ ይገባናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አቡነ ማስያስ በ1809 በጣሊያን አገር፣ በፒየሞንቴ ክፍለ ሀገር፣ ፒዮቫ በምትባል መንደር ተወለዱ። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ። በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ባቋቋሙ ጊዜ የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከዚያው ጥንታዊ ቪካሪያት የሐረሩ፣ በ1980 ደግሞ ከሐረሩ የመቂው ተወልዷል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምንኖር ምእመናን የእርሳቸው የመንፈስ ልጆች ነን ብንል ስሕተት አይሆንም።

ጉዟቸው ቀላል አልነበረም። በ1849 በምጽዋ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን በስውር ጵጵስና ሾሙ። ወደ ተላኩበት ሕዝብ፣ ወደ ጉድሩ፣ የደረሱት ግን ከሹመታቸው 6 ዓመት በኋላ፣ በ1852 ነው።

በዚያም ሞትን በቅርብ አዩት። ፈንጣጣ በየቤቱ እየገባ ሕፃናትን ይነጥቅ፣ የተረፉትንም ዓይነ ስውር ያደርግ ነበር። አቡነ ማስያስ ለሕሙማን ከመጸለይ ሌላ ክትባትን ሥራዬ ብለው ያዙ። በዘመኑ እንደተለመደው ክትባት ማለት ክንድን በጥቂቱ ጭሮ መከላከያውን ማስገባት ነበር። ብዙ ሕዝብ ከተቡ፤ ሕዝቡም የፈንጣጣ አባት ብሎ ጠራቸው። በሽታው ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976፣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀውም በ1980 መሆኑን ስናስብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው የጀመሩት ሥራ ምን ያህል አርቆ አሳቢነት እንደነበረበት እንረዳለን።

በ1861 ከከፋ ተባረሩ፤ በ1863 በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታሰሩ። በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው በፓሪስ ታተመ። በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀባይነት አገኙ፤ በፊንፊኔም ሚሲዮን መሠረቱ። በ1878 ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ያለ ታላቅ ውጊያ ታረቁ። ደም ሳይፈስ ቀረ፤ ነገር ግን ዕርቁ ሚሲዮናውያኑን ከሸዋ የሚያስወጣ ሆነ፤ አቡነ ማስያስም በ1879 ተሰደዱ። በ1884 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ካርዲናል አደረጓቸው። በእርጅናቸው የኢትዮጵያ ቆይታቸውን በ12 ቅጾች ጽፈው ነሐሴ 6 ቀን 1889 በናፖሊ አቅራቢያ በሰላም ዐረፉ።

በ1939 ኢትዮጵያ በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ የተባለው የፊልም አዘጋጅ ታሪካቸውን እዚሁ አገራችን ውስጥ ቀረጸ። ስሙም ፊልሙ የተሠራላቸው አባት ስም ነው። በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል ላይ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ አገኘ። ወራሪው መንግሥት በወንጌል መልእክተኛው ስም የራሱን ወረራ ሊያስከብር ፈለገ። ካሜራው በተተከለበት ምድር ግን ከ2 ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1937 በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ፣ ንጹሐን በግፍ ተጨፍጭፈው ነበር። እነዚያን ሙታን ሸራው አላሳያቸውም።

ለፊልሙ ተጠያቂው ካረፉ 50 ዓመት ያለፋቸው አባት አይደሉም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የምትመዝናቸው በኑሯቸው ነው፤ በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በምግባራቸው ጀግንነት ላይ ድንጋጌ አጽድቀዋል።

የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በቁምስናችሁ አዳራሽ ለወጣቶች ፊልም ስታሳዩ መብራቱ ከበራ በኋላ ወዲያው አታሰናብቷቸው። በፊልሙ የማን ሞት ታለቀሰ? የማንስ ሞት ተዘነጋ? ብላችሁ ጠይቋቸው። ሞትን ከፊልም ይልቅ በሕሙማን አልጋ አጠገብ የተማሩት አባታችን፣ የአንድም ሕፃን ሕይወት እንደማይናቅ በሥራቸው አስተምረውናል።