ሽንፈታቸው የበዛ አሠልጣኝ

ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስን የፈጠሩ ሰው መሆናቸው በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ካሠለጠኑት ሁሉ ሽንፈታቸው ከድላቸው የበለጠ እርሳቸው ብቻ መሆናቸው ግን እምብዛም አይነገርም።

የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1861 ዓ.ም. በካናዳ፣ በአልሞንት ከተማ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው እናት አባታቸው በተስቦ ሞተውባቸው በዘመድ እጅ አደጉ። በሞንትሪያል ትምህርተ ሃይማኖት ካጠኑ በኋላ በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የወ.ወ.ክ.ማ. ማሠልጠኛ ገቡ።

በ1891 የብርድ ወራት አለቃቸው ዶክተር ሉተር ጉሊክ፣ ጂምናስቲክ ለሰለቻቸው ተማሪዎች የሚሆን የቤት ውስጥ ጨዋታ በ14 ቀን እንዲያበጁ አዘዟቸው። ችግሩን የፈቱበት መንገድ ለሙያ ባልደረቦቼ የሚጥም ይመስለኛል። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ካለ ጠልፎ የሚጥለው አይጠፋም፤ ስለዚህ ይዞ መሮጥን ከለከሉ። ግቡ እንደ በር ቢቆም ተጫዋቹ በኃይል ይወረውራል፤ ስለዚህ ግቡን ከራስ በላይ አግድም አደረጉት፤ ኳሱም የሚገባው በለዘብታ ተወርውሮ ከላይ ሲወርድ ብቻ ሆነ። ከፍታው ግን በስሌት የተገኘ አይደለም። ሁለቱ የኮክ ቅርጫቶች የተቸነከሩበት የሰገነት መደገፊያ ከወለሉ 10 ጫማ ይርቅ ስለነበር፣ ይኸው ዛሬም ዓለም በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ይጫወታል።

ኔይስሚዝ በሕክምና ተመርቀው በ1898 ካንሳስ ገቡ። እስከ 1907 ድረስ 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸነፉ። ጨዋታው ለሰውነትና ለጠባይ ማነጫ እንጂ የአሠልጣኝ ሙያ የሚጠይቅ አይመስላቸውም ነበር። በዚህስ የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ የተኳቸው ተማሪያቸው ፎግ አለን በዚያው ዩኒቨርሲቲ 590 ጊዜ አሸንፈዋልና።

በ1933 ጆን ማክሌንደን የተባለ ጥቁር ተማሪ ወደ ካንሳስ መጣ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን በዚያ ዘመን ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ከሰባ ዓመት ያለፉት ኔይስሚዝ ግን አማካሪው ሆነው የማሠልጠንን ትምህርት አስተማሩት። መጫወት የተከለከለው ይህ ተማሪ በ1957፣ በ1958 እና በ1959 የቴኔሲ ኤ ኤንድ አይ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ለኤን.ኤ.አይ.ኤ. የአገር አቀፍ ሻምፒዮንነት አበቃ።

በ1936 የቅርጫት ኳስ በበርሊን ኦሊምፒክ ሲገባ ኔይስሚዝ በአሠልጣኞች መዋጮ ወደዚያ ተጓዙ። በዝናብ በጨቀየ ሜዳ ላይ የዜግነት አገራቸው አሜሪካ የትውልድ አገራቸውን ካናዳን 19 ለ 8 ስታሸንፍ ተመለከቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1939፣ በካንሳስ ሎውረንስ ከተማ በ78 ዓመታቸው አረፉ።