ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከስደት የተገኘ የሀብት ትምህርት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ሻለቃ ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወታደር ነበሩ። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከሱዳን ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆሰሉ፤ ከዚያም ሞቱ። ሻለቃ ባይከዳኝም ከንጉሣቸው ጋር በዚያው ጦርነት እንደ ወደቁ ይነገራል። በዚያው ዘመን የከብት በሽታ ገብቶ በሬው ስላለቀ፣ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው ረኃብ አገሩን አጠፋው። አባት የሌለው ሕፃን በእንደዚህ ያለ ጊዜ በሕይወት መቆየቱ ብቻውን ዕድል ነው።

ገብረ ሕይወት ገና በልጅነታቸው ወደ ባሕር ጠረፍ ወርደው፣ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም አንድ ቀን ወደቡ ላይ በቆመ መርከብ ተሳፍረው ካገር ወጡ። የመርከቡ አዛዥ ልጁን ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ሰጣቸው፤ እነርሱም እንደ ልጃቸው አሳድገው አስተማሩአቸው። የጀርመንኛ ቋንቋን ከተማሩ በኋላ በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። ይሁን እንጂ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሐኪምነታቸው አይደለም። የሰውን ሳይሆን የአገርን ሕመም ለመመርመር በመነሣታቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ገብረ ሕይወት ያደጉባት ኦስትሪያ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አገር አልነበረችም። በጊዜው በሐበሻ ገበያ ዋነኛው መገበያያ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። ይህ ብር እ.ኤ.አ. በ1780 የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት መልክ የተቀረጸበት ሲሆን፣ በየጊዜው ሲታተም ምንጊዜም ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣ ነበር። በኦስትሪያ ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብነቱ እ.ኤ.አ. በ1858 ሲያከትም፣ በኢትዮጵያና በቀይ ባሕር ዙሪያ ግን መንገሡን አልተወም። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር አስቀረጹ፤ ነገር ግን ሕዝቡ የለመደውን የንግሥቲቱን ብር ሊተው አልፈለገም። ለዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው፣ በአንዳንድ ስፍራም ጥይት ያገለግል ነበር። አሞሌው ከወጣበት ከአፋር በረሃ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብ ሲመታው ይቀልጣል። እንዲህ ባለ ገንዘብ አንድ ነጋዴ ከጎንደር እስከ ጅማ ሒሳቡን ሊያስተካክል ቢሞክር ምን ያህል እንደሚቸገር ተማሪው ራሱ ሊገምት ይችላል።

ገብረ ሕይወት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ጊዜው ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም የተያዙበት፣ ሥልጣኑ በማን እጅ እንደሚወድቅ መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች በዐይነ ቁራኛ የሚጠባበቁበት ነበር። ገብረ ሕይወት ጀርመንኛ ዐዋቂ በመሆናቸው ከጀርመን ለመጡት ሰዎች ቅርብ ነበሩ። የጀርመኖቹ ነገር ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ሲበላሽ፣ አስተርጓሚውም አብረው የሚጠሉ ሆኑ። ስለዚህ በ1902 ዓ.ም. አካባቢ ካገራቸው ወጥተው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

አባታቸው ከተዋጉት ሕዝብ አገር ልጁ መጠጊያ ፈለገ። ነገር ግን የሱዳን ነገር ከመተማው ጦርነት ወዲህ ፈጽሞ ተለውጦ ነበር። ደርቡሾች በጥር 1877 ዓ.ም. ጎርዶን ፓሻን ገድለው ካርቱምን ካፈራረሱ በኋላ መናገሻቸውን በዓባይ ማዶ በኦምዱርማን አድርገው ነበር። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ኪችነር የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል በኦምዱርማን ሜዳ ድል አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ አገሩ በስም የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ ግዛት ሆነ፤ በእውነት ግን የሚያዙት እንግሊዞች ነበሩ። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት አጠገብ ካርቱም እንደ ገና ተሠራች። ሰፋፊ መንገዶች ተቀየሱላት፤ የገዥው ቤተ መንግሥት ታደሰ፤ በ1895 ዓ.ም. የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፈተ። ይኸው ኮሌጅ በኋለኛው ዘመን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ አገሩን የለወጠው የምድር ባቡር ነበር። ኪችነር ሐዲዱን ከዋዲ ሐልፋ ጀምሮ በበረሃው ውስጥ ያስዘረጋው ለጦሩ ስንቅና ጥይት ማመላለሻ ነበር፤ ሐዲዱም በ1892 ዓ.ም. ከካርቱም ፊት ለፊት ደረሰ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ያው ሐዲድ የንግድ መንገድ ሆነ። በ1898 ዓ.ም. ሌላ መሥመር እስከ ቀይ ባሕር ተዘረጋ፤ ለአሮጌዋ ሱዋኪን ምትክ ፖርት ሱዳን የተባለ አዲስ ወደብ ተሠራ። በ1904 ዓ.ም. ሐዲዱ ወደ ምዕራብ እስከ አል ዑበይድ ሲደርስ፣ ቀድሞ በግመል ብዙ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የኮርዶፋን ሙጫ በጥቂት ቀኖች ወደብ ላይ ይገኝ ጀመር። መንግሥቱም በየዓመቱ ገቢውንና ወጪውን በጽሑፍ ያስታውቅ ነበር። ያም ሆኖ የገቢው ጉድለት ለብዙ ዓመታት የተሞላው ከግብፅ ግምጃ ቤት በመጣ ገንዘብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ እንግሊዞች ሲገዙ ግብፆች ይከፍሉ ነበር። ይህን የመሰለውን ዘዴ ዐይን ያለው ሰው ሳያየው አያልፍም።

ገብረ ሕይወት በሱዳን በቆዩበት ጊዜ የእንግሊዞችን አገዛዝ በቅርብ ለመመልከት ቻሉ። በአንድ በኩል ሥርዓት፣ መዝገብ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ነበር። በሌላው በኩል ደግሞ የአገሩ ባለቤት በገዛ ምድሩ አዛዥ አልነበረም። አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ ይህን አይቶ የሚጨነቅበት ጥያቄ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ነፃነቷን በዐድዋ ጠብቃ ሥርዓቱን ሳታገኝ ብትቀር፣ በጦር ያልተወሰደባትን በንግድ አትነጠቅም ወይ? የቀረው ዕድሜያቸው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልጉ ያለፈ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የመጀመሪያው መልስ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. ብርሃን ይሁን በተሰኘ መጽሐፍ ውስጥ አሥመራ ላይ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያን ነገሥታት ሥራ ያለ ማወደስና ያለ ማዋረድ ለመመዘን ሞከሩ፤ ቀጥሎም ለአዲሱ ገዥ ለልጅ ኢያሱ መንግሥት መደረግ የሚገባውን ዘረዘሩ። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ይለያዩ፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር የታወቀና የተወሰነ ይሁን፤ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሥርዓት ይያዝ፤ ባገሩ ሁሉ አንድ ዐይነት ገንዘብ ይሠራበት የሚሉት ከአሳባቸው ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሥልጣኔን በፍጥነት ለተቀበለችው ለጃፓንም ትልቅ አድናቆት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ማር፣ እህልና ጉልበት ግብር በሆነበት አገር፣ ወታደሩም በገበሬው ቤት ተሠሪ በነበረበት ጊዜ፣ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

የታላቁ መጽሐፋቸው ስም መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ይባላል። የሀብትን ነገር በአማርኛ ከሥር መሠረቱ ያስረዳ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። የመጽሐፉ አሳብ ከባድ ቢሆንም መነሻው ቀላል ነው። ሀብት የሚገኘው ከሰው ድካም ነው፤ ድካሙን የሚያበረክተው ደግሞ ዕውቀት ነው። ወርቅና ብር ለመለዋወጫ ያገለግላሉ እንጂ፣ የሚሠራ እጅና የሚያስብ ልቡና በሌለበት አገር ሀብት አይሆኑም።

ከዚህ ተነሥተው ወደ ውጭ ንግድ ሲሻገሩ የደረሱበት አሳብ ከሁሉም የጠለቀ ነው። በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሸማኔ በእጁ አንድ ጋቢ ለመሥራት ዐሥር ቀን ይፈጅበታል እንበል። በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ ፋብሪካ ያለው ሌላ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን የዚያን ያህል ጨርቅ ዐሥር ጊዜ ይሠራል። ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ባለ ፋብሪካው የአንድ ቀን ሥራውን ሰጥቶ የሌላውን የብዙ ቀን ድካም ይወስዳል። ሸማኔው በዚህ ዋጋ ሊኖር ስለማይችል ሙያውን ጥሎ ቡና ወደ መልቀምና ቆዳ ወደ መሸጥ ይዞራል። በዚህም የቀረችው ጥቂት ዕውቀት እንኳ ትጠፋለች። ያላወቀ ሕዝብ ከዐወቀ ሕዝብ ጋር ሲነግድ፣ ሕግ ሳይጣስና ጦር ሳይመዘዝ ተገዥ ይሆናል ማለት ነው። የምድር ባቡርም ቢሆን አገሬው የሚሠራው ዕቃ ከሌለ የሚጠቅመው ለሌላው ነው፤ ጥሬውን ነገር ጭኖ ይወጣል፣ የተሠራውን ጭኖ ይገባል። እነ ራውል ፕሬቢሽ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ስለ ሀብታምና ድኻ አገሮች ንግድ ይህን የሚመስል ትምህርት ሲያስፋፉ፣ የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ከታተመ ሩብ ምዕት ዓመት አልፎት ነበር። ከዚህ አገር ውጭ ግን ያነበበው ሰው አልነበረም።

ገብረ ሕይወት ከስደት ከተመለሱ በኋላ የመንግሥት ሥራ ተሰጣቸው። የምድር ባቡሩን ሥራ ተቈጣጠሩ፤ በመጨረሻም በነጋድራስነት ማዕርግ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ ቀረጡን የሚሰበስበውና የንግድን ክርክር የሚዳኘው እርሱ ነበር። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ የጻፉትን ነገር በጉምሩኩ በር ላይ በየቀኑ ያዩት ነበር፤ ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅና ጠመንጃ ሲገባ።

በዚያን ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ይካሄድ ስለ ነበር የማርያ ቴሬዛ ብር ከኦስትሪያ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ የብር ማዕድንም ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ ላይ ወጣ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም ሕዝቡ በወረቀት አላመነም፤ ብሩን ቀጥቅጦ ጌጥ ማድረግን ወይም መሬት ቆፍሮ መቅበርን ይመርጥ ነበር። ባንኩም ራሱ የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ቅርንጫፍ ያህል ነበር። የአገሪቱ ገንዘብ ከባዕድ ማተሚያ፣ ባንኳም ከባዕድ እጅ መሆኑ ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በሰኔ 1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ቀርቶ ነበር። ከዐምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. በጳውሎስ መናመኖ አማካይነት አዲስ አበባ ላይ ታተመ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. ፈርሶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። የማርያ ቴሬዛ ብር ግን በጠላት ወረራ ዘመንም፣ ከዚያም በኋላ ቆይቶ፣ በሕግ ቦታውን ለአዲሱ የኢትዮጵያ ብር የለቀቀው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው። በየገጠሩ ገበያ ግን ከዚያም ወዲያ ብዙ ዓመት የንግሥቲቱን ብር ካልሆነ አንቀበልም የሚሉ ሻጮች አልጠፉም ነበር።