ቶማስ ያንግ፦ በአንድ ዕድሜ ብዙ የምርምር ዘርፍ

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከአማካሪው የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር ብዙውን ጊዜ ርእሱን እንዲያጠብ ነው። ምክሩ ተገቢ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፣ ገንዘቡ ውስን ነው፣ ፈታኞችም ጥልቀትን ይፈልጋሉ። ሆኖም ማጥበብ የምርምር ብቸኛ መንገድ ተደርጎ ሲወሰድ፣ ከአንዱ የዕውቀት መስክ ወደ ሌላው መሻገር ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ሳይመረመር ይታለፋል። ለዚህ ጥያቄ ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከቶማስ ያንግ ሕይወት የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የፊዚክስ ተማሪ ያንግን በብርሃን ሙከራው ያውቀዋል፤ መሐንዲሱ በስሙ በሚጠራው የመለጠጥ መለኪያ፤ የዐይን ሐኪሙ በአስቲግማቲዝም ጥናቱ፤ የሥነ ልሳን ተመራማሪው «ኢንዶ-አውሮፓዊ» በሚለው ስያሜ፤ የጥንታዊት ግብጽ አጥኚው ደግሞ በሮዜታ ድንጋይ። እነዚህ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራዎች መሆናቸውን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ያንግ ጁን 13 ቀን 1773 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት በምትገኘው ሚልቨርተን ተወለደ። ከአሥር ልጆች የመጀመሪያው ነበር። ወላጆቹ ኩዌከር የሚባለው፣ በአለባበስና በአነጋገር ሳይቀር ቁጥብነትን የሚያዝዘው የክርስትና ማኅበር አባላት ነበሩ። በሁለት ዓመቱ ማንበብ እንደ ቻለ፣ በአራት ዓመቱ መጽሐፍ ቅዱስን ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንደ ዘለቀ ይነገራል። ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከላቲንና ከግሪክ ሌላ ዕብራይስጥን፣ ሱርስትን፣ ዐረብኛንና ፋርስኛን ይዞ ነበር፤ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያን ቋንቋም ከዚሁ ዝርዝር ያስገባሉ። የሕፃን ሊቅ ታሪክ ሲነገር መጋነኑ አይቀርም። ለተነሣንበት ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው። ያንግ አብዛኛውን ዕውቀቱን ያገኘው ብቻውን በማንበብ ነው። አስረጂ ሳያስፈልገው መረዳት ስለ ለመደ፣ ሌላው ሰው ማብራሪያ እንደሚያሻው መገመት ይቸግረው ነበር። ይህ ጠባዩ ኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

ወደ ሕክምና የመራው የእናቱ አጎት፣ የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ብሮክልስቢ ነው። ያንግ በ1792 ለንደን ውስጥ የጀመረውን ትምህርት በኤድንብራ ቀጥሎ፣ በ1796 ከጀርመኑ የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ አገኘ፤ ከዚያም ካምብሪጅ ገባ። በ1797 ብሮክልስቢ ሲሞት ለንደን ውስጥ የነበረውን ቤቱንና 10,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ አወረሰው። ይህ ውርስ ሊዘነጋ አይገባም፤ የያንግ ሁለገብነት በተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን በገንዘብ ነፃነትም የቆመ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄው ዐይን ቅርብንና ሩቅን አከታትሎ አጥርቶ ማየት የሚችለው እንዴት ነው የሚል ነበር። ገና ተማሪ ሳለ በ1793 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ምክንያቱ የዐይን ሌንስ ቅርጹን መለወጡ እንደሆነ ገለጸ፤ በሚቀጥለው ዓመት በ21 ዓመቱ የሶሳይቲው አባል ሆነ። ሐሳቡ ወዲያው ተቃውሞ ስለ ገጠመው ማስረጃውን ያጠናከረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1801 በታተመው ጥናቱ ነው፤ የሙከራው መሣሪያም የራሱ ዐይን ነበር። ሦስት አማራጮች ነበሩት፦ የሚለወጠው ወይ ከፊት ያለው ግልጽ ሽፋን (ኮርኒያ) ነው፣ ወይ የዐይን ኳስ ርዝመት ነው፣ ወይ ሌንሱ ነው። የመጀመሪያውን ለመፈተን ዐይኑን ከውኃ ጋር አገናኘ፤ ውኃው የኮርኒያውን ብርሃን የማጠፍ ኃይል ስለሚሽር በምትኩ ከውጭ ሌላ ሌንስ አኖረ፤ ዐይኑ ግን ርቀትን የመለየት ችሎታውን አላጣም። ሁለተኛውን ለመፈተን ዐይኑን ወደ አፍንጫው አዙሮ ከፊትና ከኋላ በብረት ቀለበት አጠበቀው። ኳሱ ቢረዝም ኖሮ የኋላው ግፊት የሚፈጥረው የብርሃን ነጥብ ይሰፋ ነበር፤ አልሰፋም። በመጨረሻም የዐይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሌንሳቸውን ያወጣላቸውን ሰዎች መረመረ፤ እነርሱ ይህን ችሎታ ፈጽመው አጥተው ነበር። የቀረው ሌንሱ ብቻ ሆነ። በዚሁ ጥናት የገዛ ዐይኑ ቋሚና አግድም መስመሮችን በእኩል ርቀት አጥርቶ እንደማያይ አስተውሎ ለካ፤ ዛሬ አስቲግማቲዝም የሚባለው የዕይታ ጉድለት ይኸው ነው።

ከዐይን ወደ ብርሃን የተሻገረበት መንገድ ግን ቀጥተኛ አልነበረም፤ በድምፅ በኩል ዞሮ ነው የደረሰው። ለዶክተርነት ማዕርጉ ስለ ሰው ድምፅ አፈጣጠር አጥንቶ ስለ ነበር የድምፅ ሞገዶችን በሚገባ ያውቅ ነበር። ለመቃኘት በተቃረቡ ሁለት አውታሮች የሚወጣው ድምፅ እየጎላና እየደከመ እንደሚሰማ ማንኛውም ሙዚቀኛ ያውቀዋል፤ ሁለቱ ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይሻረራሉ። በዚያ ዘመን የኒውተን ተከታዮች ብርሃን የጥቃቅን ቅንጣቶች ፍሰት እንደሆነ ያስተምሩ ነበር። ያንግ ብርሃን እንደ ድምፅ ሞገድ ከሆነ፣ በብርሃን ላይ የተጨመረ ብርሃን ጨለማ ሊፈጥር ይገባል ብሎ ጠየቀ።

ማረጋገጫውን በኖቬምበር 1803 አቀረበ። በመስኮት መዝጊያ ላይ በተበሳች ቀዳዳ የምትገባን የፀሐይ ጨረር፣ ስፋቱ የኢንች አንድ ሠላሳኛ በሆነ ቀጭን የወረቀት ክርታስ ጠርዝ ለሁለት ከፈላት። በክርታሱ ጥላ ውስጥ ብሩህና ጥቁር መስመሮች ተፈራረቁ። በአንዱ ወገን የሚያልፈውን ብርሃን ብቻ ሲጋርድ፣ የሌላው ወገን ብርሃን ሳይነካ እያለፈ እንኳ፣ መስመሮቹ ጠፉ። ስለዚህ መስመሮቹን የፈጠረው የሁለቱ መገናኘት ነው። የሞገዶቹንም ርዝመት አሰላ፦ የቀይ ብርሃን ጫፍ የኢንች አንድ ሠላሳ ስድስት ሺኛ፣ የሐምራዊው ጫፍ የኢንች አንድ ስድሳ ሺኛ ገደማ። ዛሬ ከሚታወቀው ልክ ብዙ የራቁ አይደሉም። በትምህርት መጻሕፍት የሚገኘው የሁለት ቀዳዳዎች ሙከራ የተገለጸው ከዚያ በኋላ፣ በ1807 ባሳተመው መጽሐፉ ነው።

ይህ ግኝት ሊያስከብረው ሲገባ አሳፈረው። ሄንሪ ብሩም የተባለው ወጣት የሕግ ሰው ስሙን ሳይገልጽ በኤድንብራ ሪቪው መጽሔት ላይ የያንግን ጽሑፎች አንድ በአንድ አጥላላ። ያንግ በራሱ ወጪ የመልስ ጽሑፍ አሳተመ፤ የተሸጠው አንድ ቅጂ ብቻ እንደ ነበር ይነገራል። ጥፋቱ የብሩም ብቻ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። የያንግ አጻጻፍ እጅግ የታመቀ ነበር፤ ሐሳቡን የሚያሳምን ሙሉ የሒሳብ ግንባታም አላቆመለትም። አንባቢ ራሱ ይጨርሰው ብሎ የተወው ብዙ ነገር ነበር።

በ1801 የሮያል ኢንስቲትዩሽን የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ሆኖ ተሾመ። እዚያ የሰጣቸው 91 ትምህርቶች በ1807 በሁለት ትልልቅ ጥራዞች ታተሙ። ለመሐንዲሶች የሚጠቅመው የመለጠጥ መለኪያ በዚያ ይገኛል፤ «ኢነርጂ» የሚለው ቃልም ለዛሬው ሳይንሳዊ ትርጉም ቀረብ ባለ አገባብ የገባው በዚሁ መጽሐፍ ነው። ትምህርቶቹ ግን ለአድማጭ የከበዱ ስለ ነበሩ በ1803 መምህርነቱን ተወ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ውሳኔ ከሕይወቱ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ክፍል ነው። ሕሙማን ልቡ በሌላ ነገር የተያዘ ሐኪምን አያምኑም ብሎ ስለ ሠጋ፣ ከሕክምና ውጪ የሚጽፈውን ብዙውን ያለ ስሙ ማውጣት ጀመረ። በ1811 የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ፤ የልጆችን የመድኃኒት መጠን በዕድሜ ለማስላት የሚያገለግል ቀመርም በስሙ ቀርቷል። በ1813 ግን የጀርመናዊውን የአደሉንግን የዓለም ቋንቋዎች ጥናት ሲገመግም፣ ከህንድ እስከ ምዕራብ አውሮፓ የተዘረጋውን የቋንቋ ቤተሰብ «ኢንዶ-አውሮፓዊ» ብሎ የሰየመው ስም በሌለው የመጽሔት ጽሑፍ ነበር። ለኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ተጨማሪ ጥራዞች ያበረከታቸው ከስድሳ በላይ ጽሑፎችም እንዲሁ በአብዛኛው ስሙን አልያዙም። አንድ ሙያ አንድን ሰው ሙሉ በሙሉ እንዲይዝ የሚጠብቅ ኅብረተሰብ፣ ሌላውን ሥራውን በድብቅ እንዲሠራ አስገደደው።

ወደ ሮዜታ ድንጋይ የተሳበው በ1814 ነው። ድንጋዩ በ1799 ግብጽ ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ በ196 ዓመተ ዓለም ለንጉሥ ቶለሚ አምስተኛ ክብር የወጣ አዋጅ በሂሮግሊፍ፣ በዴሞቲክና በግሪክ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ግሪኩ ይነበባል፤ ሁለቱ ግን አይነበቡም ነበር። ያንግ በግሪኩ ውስጥ እየተደጋገሙ የሚመጡ ቃላትን ቦታና ብዛት ለክቶ፣ በሌሎቹ ጽሕፈቶች ውስጥ በተመሳሳይ ስፍራ የሚደጋገሙትን የምልክት ስብስቦች ፈለገ። በዚህም ዴሞቲክ ከሂሮግሊፍ የተገኘ መሆኑን፣ ፊደልም ሥዕላዊ ምልክትም የተቀላቀለበት ጽሕፈት መሆኑን ተረዳ። በሞላላ ክብ ከተከበበው የቶለሚ ስም የአንዳንድ ምልክቶችን ድምፅ አወጣ፤ ገሚሱ ትክክል፣ ገሚሱ ስሕተት ነበር። ውጤቱ በ1819 በብሪታኒካ ወጣ፤ እርሱም ያለ ስም።

በሴፕቴምበር 1822 ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን ግኝቱን ፓሪስ ውስጥ ሲያነብ ያንግ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሣው የማን ይበልጣል ክርክር ብዙ ጊዜ ከምርምር ይልቅ የባንዲራ ክርክር ሆኖ ቆይቷል። በእኔ እይታ ሻምፖሊዮን ለቀዳሚው የሚገባውን ምስጋና አልሰጠም፤ ድሉ ግን የራሱ ነው። ያንግ ድምፅ የሚወክሉት ምልክቶች የባዕዳን ስሞችን ለመጻፍ ብቻ የገቡ መስለውት እዚያው ቆመ። ሻምፖሊዮን ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥንታዊው ግብጽኛ የወረደውን የኮፕት ቋንቋ ውስጡ ገብቶ ስላጠና፣ የጥንቶቹን የፈርዖኖች ስሞችና ተራ ቃላትን ጭምር ማንበብ ቻለ። ለያንግ ጽሕፈቱ የሚፈታ እንቆቅልሽ ነበር፤ ለሻምፖሊዮን የሕዝብ ቋንቋ ነበር። ከሕክምና ሥራው በሚተርፈው የዕረፍት ጊዜ የሚሠራ ሰው እስከዚያ ድረስ መዝለቅ አልቻለም።

በብርሃን ጥናቱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ፤ ፍጻሜው ግን ሌላ ነበር። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦጉስተን ፍሬኔል የያንግን ሥራ ሳያውቅ በ1815 ገደማ ወደ ሞገድ ንድፈ ሐሳብ ደረሰ፤ ያንግ የጎደለውን የሒሳብ ግንባታም አቆመለት። ያንግ በቀዳሚነቱ አልተሟገተም፤ እንዲያውም በ1817 ለፊዚክስ ሊቁ ለአራጎ በጻፈው ደብዳቤ፣ የብርሃን ሞገድ እንደ ተወጠረ ገመድ ወደ ጎን ሊርገበገብ ይችል ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀበለ። ፍሬኔል ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ የተሟላ ንድፈ ሐሳብ አደረገው። በ1827 ሮያል ሶሳይቲ ለፍሬኔል የራምፎርድን ሜዳይ ሲሸልም፣ የውጭ ጉዳይ ጸሐፊ ሆኖ ሽልማቱን ያስተላለፈው ያንግ ነበር። ፍሬኔል በዚያው ዓመት አረፈ። ዐይን ቀለማትን የሚለየው በሦስት ዓይነት ተቀባዮች ነው የሚለው የያንግ ግምት ደግሞ እስከ 1850ዎቹ ድረስ ተረስቶ ቆየ፤ ያነሡት ሄልምሆልትስና ማክስዌል ናቸው።

በመጨረሻዎቹ ዐሥር ዓመታት ውስጥ የባሕረተኞች የኮከብ ሠንጠረዥ ኃላፊ፣ የአንድ የሕይወት መድን ኩባንያ የስሌት ተቆጣጣሪም ነበር። ወደ ግብጽ ጽሕፈት ሲመለስ ሂሮግሊፉን ለሻምፖሊዮን ትቶ ዴሞቲክን ያዘ። በ1828 ፓሪስ ሲሄድ ሻምፖሊዮን በደስታ ተቀብሎ የሉቭርን የዴሞቲክ ጽሑፎች አሳየው። ያንግ የዴሞቲክ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ቀጠለ። በ1829 መጀመሪያ ሲታመም የኅትመቱ ማረሚያ ገጾች አልጋው ላይ ነበሩ፤ ብዕር መያዝ ሲያቅተው በእርሳስ ያርም ነበር። ሜይ 10 ቀን 1829 በ55 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ዐረፈ። መዝገበ ቃላቱ ከሞተ በኋላ ታተመ፤ በዚህኛው ላይ ስሙ አለበት።