ኤድዊን ላንድና ቀዩ ማጣሪያ

የኤድዊን ላንድን ስም ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ እንኳ ፖላሮይድ የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ቃሉ ወዲያው ታጥቦ የሚወጣ ፎቶግራፍ ማለት ይሁን እንጂ መጀመሪያ የወጣው ለካሜራ ሳይሆን ለብርሃን ማጣሪያ ነበር። ሰውየውን ማወቅ የሚፈልግም ከማጣሪያው መጀመር ይኖርበታል፤ ላንድ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ በብርሃን ፊት አንድ ነገር ጋርዶ ምን እንዳለፈና ምን እንደቀረ መመልከት ነውና።

ላንድ የተወለደው በ1909 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት፣ ብሪጅፖርት በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የብረታ ብረት ቁርጥራጭ ነጋዴ ነበር። በ1926 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ጥቂት ወራት ተቀምጦ ትምህርቱን ጣለና ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በዚያም ቀን ቀን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ብርሃን የተጻፈውን ሲያነብ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ሳይፈቀድለት ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ እየገባ ይሠራል። (ይህን አንቀጽ ለወላጆቻችን ባናሳያቸው ይሻላል።)

ይፈልግ የነበረው ነገር ይህ ነው። ተራ ብርሃን በየአቅጣጫው እየተርገበገበ ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ አሳልፈው ሌላውን የሚያስቀሩ ክሪስታሎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይታወቁ ነበር፤ ነገር ግን ትልቅ ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። ላንድ አንድ ትልቅ ክሪስታል በማሳደግ ፈንታ እጅግ የደቀቁ ክሪስታሎችን ወደ አንድ ወገን አሰልፎ በስስ ፕላስቲክ ውስጥ ማኖር እንደሚቻል አሰበ። በ1929 የፈጠራ መብት ሲጠይቅ ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት አልሞላም ነበር። ከዚያ ወደ ሃርቫርድ ተመለሰ፤ አሁንም ዲግሪውን ሳይቀበል ወጣ። በ1932 የፊዚክስ አስተማሪ ከነበረው ከጆርጅ ዊልራይት ጋር ላቦራቶሪ ከፈተ፤ በ1937 ይኸው ድርጅት ፖላሮይድ ኩባንያ ተባለ። ማጣሪያው ለፀሐይ መነጽር፣ በጦርነቱም ጊዜ ለወታደር መነጽር ዋለ።

በታኅሣሥ 1943 ላንድ ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ሳንታ ፌ ሳለ የሦስት ዓመት ሴት ልጁን ፎቶግራፍ አነሳት። ልጅቱም ሥዕሏን አሁኑኑ ለምን ማየት እንደማትችል ጠየቀችው። እኛ ብንሆን ዝም በይ ብለን እናልፋት ነበር። እርሱ ግን ብቻውን ወጥቶ በከተማው ሲዘዋወር፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካሜራውን፣ ፊልሙንና ኬሚካሉን በሐሳቡ አሰናድቶ ተመለሰ። ዘዴው በአጭሩ፣ ማጠቢያው መድኃኒት በትንሽ ከረጢት ታሽጎ ከፊልሙ ጋር ይኖራል፤ ፊልሙ ተስቦ በሁለት መዳመጫዎች መካከል ሲያልፍ ከረጢቱ ይፈነዳና መድኃኒቱ በኔጋቲቩና በሥዕል መቀበያው ወረቀት መካከል ይሠራጫል። ጨለማው ክፍል ካሜራው ውስጥ ገባ ማለት ነው። በ1947 ኒውዮርክ ላይ ለሳይንስ ሰዎች አሳየ፤ በኅዳር 1948 የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ቦስተን ውስጥ በ89 ዶላር ከ75 ሳንቲም ተሸጡ፤ የቀረቡትም በዚያው ቀን አለቁ።

የመጀመሪያው ፊልም ዓይነት 40 ይባል ነበር፤ የሚሰጠው ሥዕል ቡናማ ነው። በ1950 ጥቁርና ነጭ ፊልም ወጣ፤ ነገር ግን ሥዕሉ እየደበዘዘ መጥፋት ጀመረ። መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ገዢው እያንዳንዱን ሥዕል በፈሳሽ በራሰ መጥረጊያ መቀባት ነበረበት። ይህን የጥቁርና ነጭ ፊልም ምርምር የመራችው ሜሮይ ሞርስ ናት። እርስዋም በስሚዝ ኮሌጅ የተማረችው ኬሚስትሪ ሳይሆን የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነቡት አይጎዳቸውም። ላንድ እንዲህ ያሉትን ሴቶች ከስሚዝ ኮሌጅ እየመረጠ ይቀጥር ነበር፤ ለኬሚካሉ መጽሐፍ አለ፣ ማየት የሠለጠነ ዓይን ግን በቀላሉ አይገኝም ባይ ነበርና። ታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ አንሴል አዳምስም አማካሪው ሆኖ እያንዳንዱን አዲስ ፊልም በተራራና በደመና ላይ ይፈትን ነበር። በጥቁርና ነጭ ፊልም ቢጫ ማጣሪያ ሰማዩን በመጠኑ ያጠቁረዋል፤ ቀይ ማጣሪያ ደግሞ ጨርሶ ያከስለዋል፣ ደመናውም ጎልቶ ይወጣል። ድሮ ይህን ለማወቅ ከተራራ ወርዶ ፊልም አጥቦ ማየት ያስፈልግ ነበር። በላንድ ፊልም ግን ማጣሪያውን ለውጦ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ፣ ሁለቱን ሥዕሎች እዚያው ማስተያየት ተቻለ። በ1959 ለብርሃን ያለው ስሜት 3000 የሆነ ፊልም፣ በ1961 ሥዕልና ኔጋቲቭ በአንድነት የሚሰጥ ዓይነት 55 ወጡ። ባለቀለሙ ፊልም፣ ፖላከለር፣ ሃዋርድ ሮጀርስ በመራው ረጅም ምርምር በ1963 ተሸጠ።

ለእኔ የሰውየው ታላቅ ሥራ ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም። በ1955 ላንድ ለባለቀለሙ ፊልም ሲዘጋጅ የጄምስ ማክስዌልን የ1861 ሙከራ ደገመ። ይኸውም አንድን ነገር በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ በጥቁርና ነጭ ፊልም ያነሡታል፤ ከዚያም ሦስቱን ሥዕሎች በየማጣሪያቸው በአንድ ሸራ ላይ ሲያበሩአቸው ሙሉ ቀለም ይታያል። ማታ ሥራው ሲያልቅ ሰማያዊው ፕሮጄክተር ጠፋ፣ ከአረንጓዴውም ፊት ማጣሪያው ተነሣ። በሸራው ላይ የቀረው ቀይና ነጭ ብርሃን ብቻ ነው። እንደ መጽሐፉ ቢሆን ከቀይና ከነጭ ሮዝ እንጂ ሌላ አይወጣም። ነገር ግን አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ሌላውም እንደየቀለሙ መታየቱን አልተወም! ላንድ መጀመሪያ የዓይን ልማድ ነው ብሎ አለፈው፤ በዚያው ሌሊት ግን ምክንያቱ ስላልዋጠለት ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ።

በ1959 ውጤቱን ሲያሳትም ብዙ የቀለም ሊቃውንት ነገሩ አዲስ አይደለም ሲሉ ተቹት። ግማሽ እውነት ነበራቸው፤ በባለቀለም መብራት አጠገብ ጥላ የሌለ ቀለም መስሎ መታየቱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ላንድ ግን ተከራክሮ አላቆመም፣ ሙከራውን አጠነከረው። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን ወረቀቶች በሰሌዳ ላይ ለጥፎ በሦስት ፕሮጄክተሮች አበራባቸው፤ ብርሃኑንም እየለካ አረንጓዴው ወረቀት ቀድሞ ነጩ ይልከው የነበረውን ብርሃን ልክ በልክ እንዲልክ አደረገ። ተመልካቹ ግን አሁንም አረንጓዴ ያያል። እንግዲህ ዓይን ከአንድ ቦታ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ አይመዝንም፤ ከአካባቢው ጋር ያነጻጽራል። ይህን አሳቡን ከሬቲናና ከአንጎል ኮርቴክስ ስም አዋሕዶ ሬቲነክስ አለው። ፊልም ይህን ማድረግ አይችልም። ለቀን ብርሃን በተሠራ ፊልም ማታ በአምፖል የተነሣ ሥዕል ብርቱካን ተቀብቶ የሚወጣው፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ሰማያዊ ማጣሪያ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ በዚያው ክፍል የተቀመጠው ሰው ነጩን ሸሚዝ ነጭ አድርጎ ያየዋል።

ስለ ማየት ይህን ያህል የተመራመረው ሰው በራሱ ካሜራ ፊት ማን እንደሚቀመጥ ማየት ዘግይቶበታል። በ1970 ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊልያምስ የተባሉ ሁለት ጥቁር የኩባንያው ሠራተኞች፣ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሩ ሕዝብ በግድ በሚይዘው የይለፍ ደብተር ላይ የሚለጠፈው ፎቶግራፍ በፖላሮይድ መሣሪያ እንደሚነሣ ደረሱበት። ተቃወሙ፣ ሰልፍ አደረጉ፣ ዕቃው እንዳይገዛ ጥሪ አቀረቡ፤ ሃንተር ከሥራ ተባረረች። ኩባንያው ለመንግሥቱ መሸጥ አቁሜአለሁ ቢልም ወኪሉ በስውር ይሸጥ እንደነበር በ1977 ተገለጠ፤ ከአገሩም የወጣው ያን ጊዜ ነው። የላንድን ሕይወት የሚጽፉ አንዳንዶች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። አፍሪካዊ ተማሪ ግን እንዲህ ሊያልፈው አይችልም፤ የቆዳ ቀለም በሕግ የሚለይበት አገር ሥዕሉን የሚያወጣው በዚሁ ፊልም ነበር።

የቀረው አጭር ነው። በ1972 ሥዕሉ በእጅ ላይ ራሱን በራሱ የሚገልጠውን ኤስ ኤክስ 70 ካሜራ አወጣ። በ1977 ያወጣው ተንቀሳቃሽ ፊልም ከሰረ፤ በ1982 ካቋቋመው ኩባንያ ወጣ። በራሱ ገንዘብ በከፈተው የሮላንድ ተቋም ወደ ቀለም ምርምሩ ተመልሶ ሲሠራ ቆይቶ መጋቢት 1 ቀን 1991 ካምብሪጅ ውስጥ ሞተ። በ2008 ኩባንያው ፊልም መሥራቱን ሲያቆም ጥቂት ወዳጆች ሆላንድ ኤንስኬዴ ያለውን የመጨረሻ ፋብሪካ መሣሪያዎች ገዙ። የድሮዎቹ ኬሚካሎች የሚገኙ ስላልነበሩ ቅመማውን እንደ አዲስ መፈለግ ነበረባቸው፤ በ2010 መጀመሪያ ያወጡትም ባለ አንድ ቀለም ፊልም ነበር።