ብርድን ሲያሳድድ የኖረው ሰው፦ ካመርሊንግ ኦነስ

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ መብራት በሌለበት ገጠር፣ በጥቅምት ሌሊት ቀና ያለ ሰው ከዋክብቱን መቁጠር ይታክተዋል። ዓይናችን የማያየው ግን ይበልጣል። አቧራ ውስጥ ተሸፍነው ከሚወለዱ ኮከቦች የሚደርሰን ጨረር እጅግ ደካማ ነው። ዛሬ ይህን ጨረር የሚይዙት ምርጥ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከሱፐርኮንዳክተር ነው። የነገሩ መነሻ ደግሞ ስለ ኮከብ ሳይሆን ስለ ብርድ ሲያስብ የኖረ አንድ ሆላንዳዊ ነው።

ሄይኬ ካመርሊንግ ኦነስ በ1853 እ.ኤ.አ. (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግሮኒንገን ከተማ ተወለደ። ሃይደልበርግ ሄዶ ከቡንሰንና ከኪርሾፍ ዘንድ ተማረ። በ1882 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ጤናው ደካማ ነበር፤ ሥራውም ቢሆን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1807 ባሩድ የጫነ መርከብ ላይደን መሃል ፈንድቶ ስለነበር የከተማው ሰዎች የተጨመቀ ጋዝ ሲባል ደነገጡ፤ ከ1895 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ሥራው ተስተጓጎለ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። እንዲያውም መሣሪያ የሚሠሩ ወጣቶችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ለእኔ ትልቁ ብልሃቱ ይሄ ነው፤ ብርጭቆ ነፊና ብረት ሠሪ ባይኖረው ፕሮፌሰርነቱ ብቻውን የትም አያደርሰውም ነበር።

ጁላይ 10 ቀን 1908 ሂሊየምን ፈሳሽ ለማድረግ ከማለዳ እስከ ማታ ተለፋ። ቴርሞሜትሩ አልወርድ ብሎ ቆመ። ሊያይ የመጣ አንድ ባልደረባው ዕቃውን ከታች በብርሃን እንዲያዩት መከረ፤ ለካስ ፈሳሹ ሞልቶ ኖሯል! ሙቀቱ 4.2 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንዴት ይቀዘቅዛል? ፍኖተ ሰላም ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ እናውቃለን፤ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ባቄላው ቶሎ የማይበስለውም ለዚሁ ነው። ኦነስም ከሂሊየሙ በላይ ያለውን ትነት በፓምፕ እየሳበ ግፊቱን በመቀነስ ወደ 1 ኬልቪን ተጠጋ።

በ1911 የሜርኩሪን ሬዚስታንስ ሲለኩ 4.2 ኬልቪን አካባቢ ድንገት ጠፋ። ቀስ በቀስ ሳይሆን ገደል እንደገባ ማለት ነው። ደጋግመው ለኩት፣ ያው ሆነ። የሬዚስታንሱን ልኬት ያካሄደው ሂለስ ሆልስት ነበር፤ ጽሑፉ ግን በኦነስ ስም ብቻ ወጣ። በጊዜው ልማዱ እንዲያ ቢሆንም ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድኩም። ኦነስ በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ1926 አረፈ። የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ምክንያት በቲዎሪ የተብራራው በ1957 ነው።

ለአስትሮኖሚ የጠቀመው ያ ገደል ነው። ስስ የሱፐርኮንዳክተር ንጣፍ ልክ ገደሉ አፋፍ ላይ እንዲቆም ሙቀቱ ይጠበቃል። ትንሽ ጨረር ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፤ ሬዚስታንሱ ግን በብዙ ይጨምራል። ሃዋይ ያለው የማክስዌል ቴሌስኮፕ ስኩባ 2 የተባለው ካሜራ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። በ2019 ይፋ ለሆነው የመጀመሪያው የብላክ ሆል ምስል ቺሊ ካሉት የአልማ አንቴናዎች ጭምር ጨረሩን የተቀበሉት መሣሪያዎችም ከሱፐርኮንዳክተር የተሠሩ ሲሆኑ፣ የሚቀዘቅዙት ወደ 4 ኬልቪን ነው።